የልብ ሕመምተኛው ልጃችንና ሌሎቹ ልጆቻችን



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚሸከመው ነው። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ስለ ሕመሙ ሐኪሙን ይጠይቃል። ስለ ቀሪው ኑሮው ግን፣ ይኸውም ስለ ሌሎቹ ልጆች፣ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ ረመዷን፣ ስለ እናቲቱ ድካም የሚጠይቀው ሰው የለውም። ሐኪሙም ቢሆን ከበሩ ውጭ ስንት ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊያወያይ አይችልም።

በአገራችን በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው ሲሆን፣ በልብ ግድግዳ ላይ ክፍተት መኖርን ወይም የደም መውጫው መጥበብን የመሰለ ነው። ሁለተኛው ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ልጅ በኋላ የሚያገኘው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህኛው የሚነሳው ከጉሮሮ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ይከተላል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ ቫልቭ በሚባሉት የልብ በሮች ላይ የተወው ጠባሳ ግን ይቀራል። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ መመርቀዝን ግን ያስከትላል። ይህን ደጋግመን ብንለውም አሁንም በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነውና አንሰለችም።

ከዚህ በኋላ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሕመሙ ከታወቀ ጊዜ ጀምሮ የቤቱ ሥርዓት የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ በየ28 ቀኑ በሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ። ለአንዳንዱ ልጅ ሐኪሙ በየ21 ቀኑ ሊያዝዝ ይችላል። መርፌው የተጎዳውን በር አይጠግንም። ሥራው ባክቴሪያው እንደገና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ በጉዳት ላይ ጉዳት እንዳይጨምር መከላከል ነው። ስለዚህ ልጁ ደህና ሆኖ ሲሮጥም ይወጋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ “አልሐምዱሊላህ ድኗል እኮ” ብሎ ይተወዋል። ልቡ ለተነካ ልጅ ግን ነገሩ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ጉዳቱ ለከፋበት ደግሞ ዕድሜው 40 እስኪሆን ሊዘልቅ የሚችል ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በየ28 ቀኑና በየወሩ ማለት አንድ አይደለም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ቀጠሮውን “ወር በገባ በ5” ብሎ የያዘ ቤተሰብ በየጊዜው ሁለት ሁለት ቀን ያዘገያል። ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ደግሞ ጳጉሜን ስትጨመር 35 ቀን ይሆናል። በዓመት ውስጥ የሚወጋው መርፌ 12 ሳይሆን 13 ነው። ቀላሉ መንገድ ዕለቱን መያዝ ነው፤ 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ስለሆነ ማክሰኞ የጀመረ ልጅ ምን ጊዜም ማክሰኞ ነው የሚወጋው። ዒድ ወይም ሠርግ ከገጠመ ሐኪሙን ጠይቆ ቀደም ብሎ ማስወጋት ይሻላል እንጂ ለኋላ አይተላለፍ። ለዘመድ ጥየቃ አገር ቤት የሚኬድ ከሆነም የክትትል ካርዱ ከልብሱ በፊት ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ለመሆኑ የታመመ ልጅ ባለበት ቤት በልጆች መካከል ፍትሕ ማለት ምን ማለት ነው? ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። አባታቸው ለእርሳቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር እንዲሆኑላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ ለሌሎቹ ልጆችም እንዲሁ ተሰጥቷቸው እንደሆነ ጠየቁ። አለመሰጠቱን ሲሰሙም ለመመስከር ፈቃደኛ አልሆኑም። ይህን የሰሙ አንዳንድ አባቶች “ታዲያ የቤቱን ገንዘብ ለአንዱ ልጅ ሕክምና ማዋሌ በደል አይሆንብኝም ወይ?” ብለው ይጨነቃሉ። አይሆንም። ዑለማዎች ስጦታንና ነፈቃን ለይተው ያያሉ። በልጆች መካከል አይበላለጥ የተባለው ስጦታው ነው። ነፈቃ ግን፣ ማለትም ቀለብ፣ ልብስና መታከሚያ፣ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው የሚሰጥ ነው። ለታመመው መድኃኒት ሲገዛ ለጤነኛው የዚያኑ ያህል ገንዘብ ይቆጠርለት ያለ የለም።

በደል የሚገባው በሌላ በኩል ነው። እንቁላሉ ለእርሱ፣ ከእናት አጠገብ የሚተኛው እርሱ፣ ቢሳደብ ዝም የሚባለው እርሱ፣ ቢማታ “ተወው፣ ታማሚ ነው” የሚባልለት እርሱ ሲሆን ሌሎቹ ልጆች ሁሉንም ይቆጥሩታል። የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ወንድሞች ቅሬታ አባታችን እርሱን ከእኛ አብልጦ ይወዳል የሚል እንደነበረ ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። የያዕቁብ (ዐ.ሰ) ቤት የነቢይ ቤት ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ስሜት አይገባም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ጤነኛው ልጅ ደግሞ ቅሬታውን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ በትምህርቱ ይዘናጋል። አንዳንዱማ “ያን ጊዜ ስለገፈተርኩት ነው የታመመው” ብሎ በሆዱ ይይዛል። ስለዚህ ነገሩ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ የወንድምህ ልብ ላይ ያለች በር በደንብ አትገጥምም፣ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል፤ አንተ ያመጣህበት ነገር የለም፤ አብረኸው ብትበላም ብትተኛም የልብ ሕመሙ አይጋባብህም። የሚጋባው የጉሮሮው ሕመም ነው። ከልጆቹ አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ይህ ለራሱም ለታመመው ወንድሙም ነው።

ከሁሉም በላይ ልትታሰብ የሚገባት ግን ታላቂቱ እህት ናት። እናት ሐኪም ቤት በዋለች ቁጥር ቤቱ የሚወድቀው በእርሷ ላይ ነው። እንጀራው፣ ውሃው፣ የሕፃኑ ልብስ፣ ሁሉም የእርሷ ሥራ ይሆናል። ጎረቤቱ “ማሻአላህ፣ ቤቱን እኮ ያዘችው” ይላታል፤ ከክፍሏ ስንት ቀን እንደቀረች የሚጠይቅ ግን የለም። የአንዱ ልብ ሲታከም የሌላዋ ትምህርት እየተቆረጠ ከሆነ ወላጆች ቆም ብለው ማሰብ አለባቸው። የመርፌው ዕለት ከወራት በፊት የሚታወቅ ነው። ለዚያ ማክሰኞ አክስት ወይም ጎረቤት አስቀድማ ትለመን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሂድ። አባትም አለ! ከ13ቱ መርፌ ስድስቱን አባት ይዞ ቢሄድ እናት ከመንገዱ ታርፋለች፤ ሐኪሙ የሚለውንም በእናቲቱ አንደበት ሳይሆን በራሱ ጆሮ ይሰማል። ብዙ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ የሚነሳው አንዱ የሰማውን ሌላው ስላልሰማ ነው።

ጠያቂ ዘመዶችንም አንድ ነገር ማለት ይኖርብናል። የታመመን መጠየቅ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ልጁ እየሰማ “ምስኪን! እንዲህ ሆኖ ቀረ?” ማለት ጥየቃ አይደለም። እናቲቱን ቡና አስፈልቶ እስከ መግሪብ መቀመጥም እንዲሁ። ምን ልርዳሽ የሚል ካለ ትንሹን ልጅ ለግማሽ ቀን ወስዶ ያቆይላት።

ታማሚው ልጅም ቢሆን ከቤቱ ሥርዓት ውጭ እንደ እንግዳ አይያዝ። የውሃ ጄሪካን መሸከም ባይችል ምስር ይልቀም፣ የታናሹን ቁርኣን ያስቀራ። ኳስ መጫወት መቻል አለመቻሉን የሚወስነው የእናት ፍርሃት ሳይሆን ሐኪሙ ነው። ብዙ ልጆች እንደ አቅማቸው እንዲጫወቱና ሲደክማቸው እንዲያርፉ ይፈቀድላቸዋል። ለመምህሩም ይነገር፤ በተለይ ላሲክስን የመሰለ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በክፍል መካከል ለመውጣት ሲጠይቅ እንዳይከለከል። ሶላትም ላይ ትንፋሽ ካጠረው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ገና በልጅነቱ ይማር።

ስለ ምግብ በአጭሩ። ጨው ውሃ በሰውነት ውስጥ ስለሚይዝ ልቡ ለደከመ ልጅ ይቀነሳል። ለእርሱ ለብቻው ድስት መጣድ እናትን ያደክማል፤ ልጁንም ከማዕዱ ይለየዋል። የቤቱ ወጥ ለሁሉም በትንሽ ጨው ይሠራና ያነሰው ከራሱ ሳህን ላይ ይጨምር። ሲገዛ ጨው ያለበት በርበሬና ሽሮም ይታሰብበት። ጥርስን በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ማጽዳት ለዚህ ልጅ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ከአፍ የሚነሱ ጀርሞች በደም ሄደው የተጎዳውን የልብ በር ሊያመረቅዙት ይችላሉ። ጥርስ ከማስነቀል በፊትም የልብ ሕመም እንዳለው ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው።

ረመዷን ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታ የለበትም። ነገር ግን እኩዮቹ ሲጾሙ እርሱ ሲከለከል ያለቅሳል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድን ልጅ ውሃ ሳይጠጣ ማዋል አደጋ አለው። ይልቁንስ ለሱሑር አብሮ ይቀስቀስ፤ በኢፍጣር ጊዜም ተምሩን ለቤተሰቡ የሚያድለው እርሱ ይሁን። ለአካለ መጠን የደረሰውን በተመለከተ ለታማሚ ያለው ፈቃድ በሱረቱል በቀራ ላይ የተቀመጠ ነው። ቀዷ ማውጣት ይችላል ወይስ ፊድያ ነው የሚለውን ሐኪሙ ስለ ሕመሙ የጻፈለትን ይዞ ዓሊም መጠየቅ ነው።

መርፌውስ? ረመዷን 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ በየ28 ቀኑ የሚወጋ ሰው በጾሙ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ መወጋቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጂዳ የተሰበሰበው የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ፣ ምግብነት ከሌለው በቀር በጡንቻም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያስፈታ ወስኗል። ስለዚህ “ጾም ነው” ብሎ መርፌን መዝለል አይገባም። ሆኖም ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ይህን መርፌ የሚወጉ የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች ሁሉ ከመርፌው በፊት ምግብና ውሃ እንዲወስዱ፣ ሲወጉም ተኝተው እንዲሆን መክሯል። ምክንያቱም በባዶ ሆድ፣ በሕመምና በፍርሃት ራስን መሳት ለደከመ ልብ አስጊ ስለሆነ ነው። እንግዲህ መርፌው ጾሙን ባያስፈታም ጾሙ ለመርፌው ላይስማማ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ወጣት የዚያ ዕለት ጾም መፍታትን ወይም ከኢፍጣር በኋላ መወጋትን ሐኪሙ ይወስንለት።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ያላቸው ወላጆች ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉን እስኪከፍት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ፣ ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። አሁን እዚሁ ይሠራል፤ ነገር ግን ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ጥበቃው ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል “ተራው ይድረስ” ብሎ የሌሎቹን ልጆች ኑሮ ማቆም አይቻልም። በጥበቃው ጊዜ ትኩሳቱ የሰነበተ፣ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ ወይም ፊቱ ያበጠ ልጅ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይወሰድ። ገንዘብ ለማሰባሰብ ልጁን በመስጊድ በር ላይ አቁሞ ልብሱን ገልጦ ማሳየት ደግሞ አይገባም። የሐኪሙን ወረቀት ለጀመዓው ኮሚቴ ማሳየት ይበቃል፤ ልጁ ነገ ከእነዚያው ልጆች ጋር ቁርኣን ቤት የሚቀመጥ ነው።

በመጨረሻ ለወጣቶቹ። 14 እና 15 ዓመት የሞላው ታማሚ ካርዱን ራሱ ይያዝ፤ የመርፌውን ዕለት ራሱ ይቁጠር። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ተገጥሞለት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ የደም ምርመራውን አያቋርጥ። ጎመን መተው የለበትም፤ አንድ ሳምንት ብዙ በልቶ በሌላው መተው ግን መድኃኒቱን ያዛባል። እህቶቻችንን በተመለከተ፣ እርግዝና በልብ ላይ ሥራ የሚጨምር፣ ዋርፋሪንም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ሊጎዳ የሚችል በመሆኑ ሐኪሙን የማማከሪያው ጊዜ ከኒካሕ በፊት ነው። የሚያገባትም ሰው ይህን ማወቅ አለበትና ወላጆች አይደብቁ። መቼና በማን አንደበት እንደሚነገረው ግን ልጅቷ ራሷ ትጠየቅ።