ስም ያልወጣለት ሙላት

ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን
ክቡር ኮሚሽነር፣

ኦሞራቴ የራሷን ዝናብ የምትፈራ ከተማ አይደለችም። በኬንያ ድንበር አቅራቢያ፣ በደረቅ ቆላ ላይ ተቀምጣ ዝናብ ስትናፍቅ የምትከርም ናት። የሚያሰጥማት ውኃ የሚዘንበው ሩቅ፣ በጊቤና በጎጀብ ደጋ ነው። የኦሞ ወንዝ ያንን ሁሉ ሰብስቦ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በታችኛው ኦሞ በሙላት 364 ሰው መሞቱ ተነግሮ ነበር። ሐምሌ 30 የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን መትቶ ስለነበር የአገሩ ዓይን ገና እዚያ ነበር።

ያኔ በኦሞ ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ አልነበረም። ግድቡ ሙላቱን እንደሚገራ አልክድም፤ የሞላ ግድብ ግን መልቀቁ አይቀርም። ከታች ደግሞ መውጫ የሌለው የቱርካና ሐይቅ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋል። በቅርቡ እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ዳሰነቾች፣ ከመንደራቸው ተፈናቅለዋል።

«ከወንዙ ዳር ተነሡ» ማለት ለቢሮ ሰው ቀላል ነው። ዳሰነች ግን ማሽላውን የሚዘራው ሙላቱ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ነው። ተነሣ ያልነው ሰው የሚሰማው «አትብላ» ነው።

አሜሪካኖች ሀሪኬን ገና ውቅያኖስ ላይ ሳለ ስም ያወጡለታል፤ መንገዱንም በካርታ ያሰምሩለታል። ያም ሆኖ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ያታልላቸዋል። ኦሞ ግን በየት በኩል እንደሚመጣ ከጥንት የታወቀ ነው። ውኃው ከደጋ እስከ ኦሞራቴ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የምናባክነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው ጀልባና ብርድ ልብስ አይደለም፤ እሱ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። ግድቡን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ውኃ ሊለቅ ሲወስን፣ በዚያው ሰዓት ኦሞራቴ የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ያ ሰው በዳሰነች ቋንቋ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በየመንደሩ የሚናገርበት መንገድስ አለው? በአማርኛ የተጻፈ የስልክ መልእክት ከብት ጥበቃ ላይ ላለ ሽማግሌ ምንም አይደለም። እሱ የሚጠይቀው ከብቶቹን ወዴት እንደሚነዳ ነው፤ የሚሸሽበት ጉብታ የትኛው እንደሆነ ከሐምሌ በፊት፣ ከእሱው ጋር ሆናችሁ ምረጡ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ዜጋ