ከአንዱ ማራቶን እስከ ሌላው



ስለ ሩጫ በተነሣ ቍጥር ሁላችንም የምናወራው ስለ ማሸነፍ ነው። ሯጩ የመጨረሻውን ክር ከበጠሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን እንደሚያደርግ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። በበኩሌ የሚቀጥለው ማራቶን ዕድል በብዙው የሚወሰነው በነዚሁ ሳምንታት ይመስለኛልና ያለኝን አስተያየት ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በክፍላችን ይህ ነገር ሲነሣ ወዲያው የሚጠቀሰው አበበ ቢቂላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። «እርሱ እንዲህ ካደረገ እኛን ለትንሽ የእግር ሕመም ምን ያስተኛናል?» ይሉናል። ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የታከመው ሆዱ እንጂ በማራቶን የደከመ እግሩ አልነበረም። ደግሞም ከስንት ሺህ ሰው አንድ የሚገኘውን ለሁሉ ሕግ አድርጎ መደንገግ ደግ አይደለም። ይኸው ጀግና በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ ቀድሞ የታመመ እግሩን ይዞ ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለማቋረጥ ተገዷል። የዚያን ዕለት ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። የቶኪዮውን የሚያወሩ ሰዎች የሜክሲኮውን ለምን እንደሚዘሉት አላውቅም።

42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሮጠ ሰው ጡንቻው ለዓይን በማይታይ አኳኋን በብዙ ሥፍራ ይሰነጣጠቃል፤ ይልቁንም መንገዱ ቍልቍለት የበዛበት እንደ ሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በጡንቻው ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረውም ስኳር ተሟጦ ያልቃል። ስኳሩስ በጥሩ ምግብ በጥቂት ቀናት ይመለሳል። ጡንቻው ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጅማትና አጥንት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያሉ። አሳሳቹ ነገር ሕመሙ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታና ሳምንት ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ሯጩም ደረጃ ሲወርድ ማነከሱን የተወ ዕለት «ድኛለሁ» ብሎ ጫማውን ያስራል። ይህ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን እንደሚደርብ የጭቃ ቤት ሠሪ መሆን ነው፤ ግድግዳው ለጊዜው ያምራል፥ ኋላ ግን ይሰነጠቃል።

በሯጮች ዘንድ «ለአንድ ማይል አንድ ቀን» የሚባል የልምድ አነጋገር አለ። ማራቶን 26 ማይል ያህል ስለ ሆነ፥ ብርቱ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት 26 ቀን ይታገሡ ማለት ነው። የሐኪም ትእዛዝ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውን የሚጠብቅ ልማድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በእግር መንሸራሸር፥ በሁለተኛው ጥቂት ዱብ ዱብ፥ ከዚያም ቀስ በቀስ መጨመር ነው እንጂ ወር ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። (ሰነፍ ጓደኞቼ ይህን ጽሑፍ ለስፖርት መምህራችን ምስክር አድርገው እንዳያቀርቡት እሰጋለሁ።)

በዘመናችን ያሉትን እንመልከት። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ክብርም ገንዘብም የሚያስጎመጅ ጥሪ ሳይቀርብላት እንዳልቀረ መገመት አያስቸግርም። ሌላ ማራቶን የሮጠችው ግን ሚያዝያ 13 ቀን በለንደን ነው፤ ልክ ሰባት ወር! በዚያም ሁለተኛ ሆነች። ከዚያ ዐሥራ ስድስት ሳምንት ቆይታ በፓሪስ ኦሊምፒክ የብር ሜዳይ አገኘች። የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች ሴት ወራት የምትጠብቅ ከሆነ፥ እኛ የምንቸኩለው ወዴት ነው?

ማራቶን ለእኛ ዕድሜ ገና ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደዚያ ለመግባት የሚመኙ ጥቂቶች አይደሉም፤ የዕረፍት ልማድ ደግሞ የሚለመደው አሁን በ10 ኪሎ ሜትሩ ነው። እኛ ዘንድ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ለትምህርት ቤታችን የሮጠው ልጅ በማግሥቱ ለቀበሌው፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ለዋንጫ ይሮጣል። ፈጣን ስለ ሆነ ብቻ ሁሉም ይጠራዋል፤ እርሱም እምቢ ማለት ያሳፍረዋል።

ወላጆችንም በትሕትና የምለምነው አለ። ልጅ ከሩጫ ተመልሶ ጋደም ሲል «አገር ለአገር ስትሮጥ ውለህ ውኃ መቅዳት አቃተህ?» ማለት የተለመደ ነው። ጀሪካኑ ለአንድ ቀን ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ቢተላለፍ ቤቱ አይፈርስም። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት እንቅልፍ ነው፤ ቀጥሎ ምግብ ነው። ለዚህም ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ምስር፥ ሽሮ፥ ባቄላና በሶ በየቤታችን አሉ። በጾም ወራት ወተትና እንቍላል ስለሚቀር ጥራጥሬውን ማብዛት ይገባል።

ለትምህርት ቤታችን የስፖርት ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ደብተር ይከፈት። የሮጠበት ቀንና ርቀት፥ የተኛው ሰዓት፥ ጧት ከአልጋው ሳይነሣ የቈጠረው የልብ ትርታ፥ የሚያመው ሥፍራም ካለ ይጻፍበት። የጧቱ ትርታ ከወትሮው ከፍ ካለ ሰውነቱ ገና አላረፈም ማለት ሊሆን ይችላልና በዚያ ቀን ብርቱ ልምምድ አይሰጠው። ረዥም ውድድር የሮጠ ልጅም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፥ ዋንጫው ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ፥ ስሙ ለሌላ ውድድር አይላክ። የኮሚቴው አባሎች ሥራ ይበዛብናል ካሉ፥ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ደብተሮቹን ሰብስቦ የሚያይ አንድ ተማሪ ይበቃል፤ እኔም በዚያ ሰዓት ሥራ የለኝም።