እድር ሒሳቡን ያነባል፤ ማዘጋጃ ቤትስ?

በአገራችን ትንንሽ ከተሞች የመንግሥት ወሬ ለነዋሪው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ናት፤ ሁለተኛው ሐሜት ነው። መኪናዋ ስትመጣ ሰው ጆሮውን አያቆምም፤ ኪሱን ይዳብሳል እንጂ። የለመደው ነገር አለና! ማጉያው የሚጮኸው ወይ «መዋጮ አምጡ» ለማለት ነው፣ ወይ «ነገ ለስብሰባ ውጡ» ለማለት ነው፣ ወይ ደግሞ «ግብር ያልከፈላችሁ ከነቅጣቱ ትከፍላላችሁ» ለማለት ነው። «ባለፈው ዓመት ከእናንተ የሰበሰብነው ይህን ያህል ነበር፤ ይህን ይህን ሠራንበት፤ ይህ ቀረ» ብሎ የጮኸ ማጉያ ግን እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም። አንባቢያን ሆይ፣ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የአዲስ አበባው አንባቢ «የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ብዙ ነገሩ ነው። እናትና አባቱ የሚኖሩት እዚያ ነው። ለለቅሶና ለሠርግ የሚሄደው እዚያ ነው። ደግሞም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መንግሥት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በሚኒስትር በኩል አይደለም። በቀበሌ ሊቀ መንበር፣ በማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥና በመዝገብ ቤት ሠራተኛ በኩል ነው። ታች ያለው ምሰሶ ከበሰበሰ ላይኛው ጣራ ቢቀባ ምን ይጠቅማል?

እስቲ እድርን እንመልከት። እድር ነጋሪት ጋዜጣ የለውም፤ ፖሊስ የለውም፤ እስር ቤት የለውም። ያለው ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ብርጭቆና ጥሩንባ ነፊ ነው። ግን ዓመቱ ሲዞር አባላቱ ይሰበሰባሉ። ገንዘብ ያዡ ብድግ ይልና «ከወርሃዊ መዋጮ ይህን ያህል ገባ፤ ለሐዘንተኞች ይህን ያህል ወጣ፤ ሁለት ወንበር ተሰብሯል፤ አንድ ድስት ጠፍቷል» ብሎ ያነባል። ስለዚያች ስለ ጠፋችው ድስት ብቻ ሰዓት ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ፣ ደግ አደረጉ! ዳኛው ካልሠሩ ይወርዳሉ፤ ጸሐፊው ካጭበረበረ ይባረራል። ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ሳይቀሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው «አምና ካዝና ውስጥ ያደረው የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ሳያገኙም አይነሱም።

እኚሁ እማማ በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ይከፍላሉ። ያ ገንዘብ የት እንደገባ ግን አይጠይቁም። የማይጠየቅ ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ኖረው አውቀውታል። አንድ ሕዝብ የጠፋ ድስት መጠየቅ እየቻለ የጠፋ መንገድ መጠየቅ ካልቻለ፣ ጉድለቱ የሕዝቡ አይደለም። የማያስጠይቀው ቤት ነው ጉድለቱ።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የከተማ አስተዳደር ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት። አንደኛው እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ጤና ጣቢያ ያለው ነው፤ ይህ በአብዛኛው ከክልል በሚመጣ በጀት ይሸፈናል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ሥራ የሚባለው ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ፣ የመቃብር ሥፍራ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሥራ በዋናነት የሚሠራው ከተማዋ ራሷ ከነዋሪዋ በምትሰበስበው ገንዘብ ነው። ከቤት ግብር፣ ከቦታ ኪራይና ከሊዝ፣ ከገበያ መደብ፣ ከቄራ፣ ከፈቃድና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ማለት ነው። እንግዲህ ሠፈራችሁ መሐል አፉን ከፍቶ የሚያያችሁ ጉድጓድ የፌዴራል መንግሥት ጉድጓድ አይደለም። ጉልት የምትቸረችረዋ እናት ሽንኩርት ሸጣ በከፈለችው ብር ሊደፈን የሚገባው ጉድጓድ ነው። ሒሳቡን የተነፈገችው የገዛ ገንዘቧን ነው።

ነገሩ የዛሬ ብቻ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆንብኛል። በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ከተሞችን በማዘጋጃ ቤት ሲያደራጅ ከንቲባው ከላይ የሚሾም ነበር። ከተሜው ይከፍላል፣ ሹሙ ያዝዛል፤ በቃ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተወለደ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቤት ኪራይ ቀበሌው እየሰበሰበ ለአካባቢው ሥራ እንዲያውለው ነበር የታሰበው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ያው ቀበሌ አብዮት ጥበቃ ታጥቆ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ ወጥቶ፣ ሰው የሚታሰርበት ደጅ ሆነ። ያን ዘመን ያየ ሰው «ቀበሌ ትፈለጋለህ» ሲባል ዛሬም ልቡ ድንግጥ ይላል።

ኢሕአዴግ መጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ተጻፈ። ወረቀቱ ያማረ ነው። ቀበሌው ግን ማኅተሙን ቀየረ እንጂ ጠባዩን አልቀየረም። መታወቂያ የሚሰጠው እሱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ፣ ከስብሰባ የቀረውን የሚመዘግበውም እሱ ሆኖ ቀጠለ።

አገልግሎቱንማ ተዉት! ቢፒአር ተባለ። ካይዘን ተባለ። የዜጎች ቻርተር ተባለ። ቻርተሩ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የትኛው ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። እኔ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ ለአንድ የልደት ምስክር ወረቀት አራት ቀን ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን መብራት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ነገር ነበረ፤ የጠፋው ማኅተሙ የተቀመጠበት መሳቢያ ቁልፍ ብቻ ነው። ከፊቴ ሕፃን ያዘለች እናት ቆማ ነበር፤ መመላለስ ከጀመረች ሰንብታለች። ሕጉ የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቀኑ ሲያልፍ ጥፋተኛዋ እሷ ልትባል ነው። የመሳቢያው ቁልፍስ?

በሠራተኛው ብቻ አልፈርድም። ደመወዙ ወሩን አያደርሰውም፤ አለቃው የሚጠይቀው ስብሰባ እንጂ ሥራ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መሶብ» የተባለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመርቋል። በጎ ነገር ነው፤ ትንንሾቹ ከተሞች ሁሉ ቢደርሳቸው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ኮምፒውተር ወረፋ ያሳጥር እንደሆነ ነው እንጂ «ገንዘባችን የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። መልሱን የሚሰጠው ሰው ነው። ሰው ደግሞ መልስ የሚሰጠው ከወንበሩ ሊያነሳው ለሚችል ብቻ ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። እድር ዳኛውን ይመርጣል። ከተማስ ሹሙን መቼ መረጠች? ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ቅሬታችን አልተሰማም ብለው አልገባበትም አሉ፤ ኢሕአዴግም ወንበሩን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠቅልሎ ወሰደው። እሺ፣ ይህም ምርጫ ነው እንበል። የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ በ2010 አበቃ። በ2010 ምርጫው ተራዘመ። በ2011 እንደገና ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፉ ምርጫ ሲደረግ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ተመረጠ፤ የወረዳና የቀበሌው ግን አልተካተተም። በ2005 የተወለደ ሕፃን በዚያን ጊዜ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመት አንባቢ ራሱ ይደምር። ለመሆኑ የእድር ዳኛ ዘመናቸው አልቆ «አልወርድም፤ ስብሰባው ተራዝሟል» ቢሉ ሰዉ ዝም የሚላቸው ይመስላችኋል?

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። በቤትና በመሬት ይዞታ ላይ ታክስ ይጣል ነው ነገሩ። በመሠረቱ አልቃወምም፤ ከተማ ያለ ገቢ አይቆምም። ሊዝ ብቻ እየበላች የምትኖር ከተማ መሬቷ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በጡረታ የሚኖሩ አዛውንት በወጣትነታቸው የሠሯት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ አጠገቧ አስፋልት ስላለፈ ብቻ ዋጋዋ ከፍ ብሎ ቢገመት፣ እኚህ አዛውንት አቤት የሚሉት ለማን ነው? «የመረጥኩህ እኔ ነኝ፤ ይህን ግምት አስተካክል» የሚሉት ሰው ከሌለ፣ ታክሱ ታክስ መሆኑ ይቀርና ግብር አስገባሪ የላከው ገባር ጣጣ ይሆናል።

«ሒሳብ ለሕዝብ ማቅረብ አቅም ይጠይቃል» የሚሉ ሹሞች አሉ። ተችሎ እናውቃለን እኮ! ከ1997ቱ የምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሽ አገሮች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው፣ በ1998 ዓ.ም. በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተኩት። ከፕሮግራሙ ሥራዎች አንዱ የወረዳ በጀትና ወጪ ተራው ሰው በሚገባው መንገድ ተጽፎ በአደባባይ እንዲለጠፍ ማድረግ ነበር። ሰሌዳው ቆመ፤ ወረቀቱም ተለጠፈ። እንግዲህ ፈረንጅ ሲጠይቅ የተለጠፈ ሒሳብ፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚደበቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌሎች ደግሞ «ሰላም ይቅደም» ይላሉ። ጥይት በሚጮህበት ከተማ የምርጫ ሣጥን ማቆም ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። በብዙ አካባቢ ሕዝቡ ምን እየሆነ እንደከረመም አውቃለሁ። ግን ወረቀት ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ሙጫ ነው። ደግሞስ ሰላም የሚደፈርሰው ሕዝብ ሲያውቅ ነው ወይስ ሲታፈን? ሒሳብ ያልተነገረው ሰው ሐሜት ይጽፋል። ሐሜት ደግሞ ከበጀት ወረቀት ይልቅ እሳት ይይዛል።

የምንጠይቀው ሰማይ እንዲታረስ አይደለም። አንደኛ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲገባ እያንዳንዱ ከተማ ምን ያህል ሊሰበስብ፣ ለምን ሊያውለው እንዳሰበ በነዋሪው ቋንቋ ጽፎ ይለጥፍ፤ በየሦስት ወሩም የሆነውን ይለጥፍ። በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ብቻ ሳይሆን በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጅ፣ በየእድሩ ቤት ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይሰብሰብ፤ «የልማት መዋጮ» ቢባልም። ሦስተኛ፣ ሕዝብ ለስብሰባ ሲጠራ የመድረኩ ሰው ንግግር የሚያደርግበት ሳይሆን ሒሳብ የሚያነብበት ይሁን። አራተኛና ዋናው፣ የአካባቢ ምርጫ ቀን ይቆረጥ። በሰላሙ ከተማ ይጀመር፤ ሌላው ሲረጋጋ ይከተል።

ለነዋሪውም የምለው አለኝ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ እምቢ ካለ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠይቅ «ማን ነህ አንተ?» ይባል ይሆናል፤ ጥርስ ውስጥም ይገባል። የሠፈሩ እድሮች ተሰባስበው፣ ማኅተማቸውን አሳርፈው፣ «የዓመቱን የማዘጋጃ ቤት ገቢና ወጪ ስጡን» ብለው ቢጽፉ ግን ማን ነው እናንተ ማን ናችሁ የሚላቸው? ከተማዋን የሚቀብሩትና የሚያስተዛዝኑት እነሱ አይደሉ!

ሹሞቻችን ልምድ ልውውጥ እያሉ ውጭ አገር ድረስ ይሄዳሉ። አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። በሚቀጥለው የእድር ጉባዔ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። ገንዘብ ያዡ እንዴት እንደሚያነብ፣ እማማ እንዴት እንደሚጠይቁ ይዩ። ድስቱን ቆጥሮ የሚረከብ ሕዝብ ብሩንም ቆጥሮ መረከብ አያቅተውም። ቁጠሩለት!