ዝም ብሎ የሚሞት ዲስክ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የተማሪ ማርክ ወይም የመሥሪያ ቤት መዝገብ የያዘ ኮምፒዩተር በአደራ ተሰጥቶህ እንደ ሆነ፣ ይህችን ምክር ልብ ብለህ አንብባት።

ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ይህን በማሰብ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ምሁራን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ስለ ማሠራት ጽፈው፣ ዘዴውን «ሬይድ» አሉት። በሊኑክስ ላይ ይህ ሥራ ያለ ልዩ መሣሪያ ይፈጸማል፤ የሚታዘዝበትም ፕሮግራም «ኤምዲአድም» ይባላል። ሬይድ 0 ፍጥነት እንጂ ዋስትና የለውም፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ሬይድ 1 ግን የምትጽፈውን ሁሉ በሁለቱም ላይ ስለሚጽፍ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ስለማይቋረጥ የአንዱን ሞት ማንም ሳይሰማ ወራት ያልፋሉ። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት መርዶው የተሰማው ሁለተኛው ዲስክ በሞተ ዕለት ነበር። ማርኩ ሁሉ ከመምህራን ደብተር እንደ ገና ተለቅሞ ተጻፈ፤ ደብተሩን ያልጠበቀ መምህር ግን ለተማሪዎቹ የሚመልሰው ቃል አልነበረውም። ከነዚያ መምህራን አንዱ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ በየሳምንቱ «ፕሮክ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ያለውን «ኤምዲስታት» የተባለ ፋይል ክፈት። ሁለት የላቲን «ዩ» ፊደሎች ጎን ለጎን ካየህ ደኅና ነው፤ በአንደኛዋ ስፍራ ሰረዝ ካገኘህ ግን አንዱ ዲስክ ከማኅበሩ ወጥቷል። ኤምዲአድም ራሱ እየተከታተለ በኢሜይል እንዲያስታውቅህም ማዘዝ ይቻላል።

ዲስክ ስትለውጥ አትቸኩል። ከሁሉ አስቀድመህ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጥ። ደኅናውን ነቅለህ የሞተውን እንዳትተው፣ በዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ሴሪያል ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከሚነግርህ ጋር አስተያይ። የሞተውን በኤምዲአድም «ወድቋል» ብለህ አስመዝግብ፤ ከማኅበሩም አስወጣው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አጥፍተህ መጠኑ ከቀድሞው የማያንስ ዐዲስ ዲስክ ተካና ወደ ማኅበሩ ጨምረው። ከደኅናው ላይ ገልብጦ እስኪፈጽም ሰዓታት ሊፈጅ ይችላልና ታገሥ።

ደግሞም ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ በስሕተት የሰረዝኸው ፋይል ከሁለቱም ዲስክ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት አኑር።

ዛሬ ከቢሮ ሳትወጣ ያን ፋይል ክፈትና ሁለቱን «ዩ» ቍጠር።