ሲኒማ ቤት በሰው አገር

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር መኖር ሲጀምር፣ ቀድመውት የሄዱት ወገኖቹ የሚለግሡት ምክር ብዙ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ በየት በኩል እንደሚጠየቅ፣ የጤፍ ዱቄት ከየትኛው ሱቅ እንደሚገኝ፣ ቅዳሴ በየትኛው ሰንበት፣ ከየትኛው ማኅበር በተዋሱት ሕንፃ ውስጥ እንደሚቀደስ፣ አሠሪ ፊት ሲቀርቡ ዓይን ለዓይን ማየት በዚህ አገር ነውር አለመሆኑን ጭምር ዘርዝረው ይነግሩታል። ሲኒማ ቤት ግባ ብሎ የሚመክር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ገንዘብ ማባከን፣ አለዚያም የሥራ ፈት ልማድ ተደርጎ ስለሚታይ ይመስለኛል። እኔ ግን በስደት ኑሮዬ ካየሁትና ከታዘብሁት ተነሥቼ ስናገር፣ እንግዳ ሰው የአገሬውን ሕዝብ ጠባይ፣ ሳቁንና ድንጋጤውን፣ ሲያፍርና ሲራራ የሚያሳየውን መልክ፣ ሳይጋበዝና ደጅ ሳይጠና በቅርብ ሊመረምር የሚችልበት ስፍራ ከሲኒማ ቤት የተሻለ የለም ባይ ነኝ፤ በቤታቸው አይጠሩትም፣ በሥራ ቦታ ሰው ሁሉ የሥራ ፊቱን ይዞ ይውላል፣ በባቡር ውስጥም ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

የምኖርበት አገር ጀርመን ነው። ወደዚህ አገር የመጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚገርመው፣ በአዲስ አበባ ሳለ በእንግሊዝኛ ሲናገር የሚያውቀው የአሜሪካ ተዋናይ ሁሉ፣ እዚህ ሲደርስ በአንድ ጊዜ የጠራ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆኖ መገኘቱ ነው። በአብዛኛው የጀርመን ሲኒማ ቤት የውጭ ፊልም የሚታየው፣ የተዋንያኑ ድምፅ ተነሥቶ በጀርመናውያን ተዋንያን ድምፅ ተተክቶ ነው፤ ጣሊያንና ስፔንም ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ፤ ስዊድንንና ሆላንድን በመሳሰሉት አገሮች ግን ድምፁ እንዳለ ሆኖ ትርጉሙ በግርጌ ይጻፋል። ፊልም አፍ በፈታበት ዘመን ድምፅ የመተካቱ ዘዴ ገና ስላልተደላደለ፣ አንዱን ፊልም በሁለት ቋንቋ ማንሣት የተለመደ ነበር፤ ማርሌነ ዲትሪክን ለዓለም ያሳወቃት «ሰማያዊው መልአክ» በ1930 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም የተቀረጸው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪው እየከበደ ሲሄድ ግን፣ ሥዕሉን ትቶ ድምፁን ብቻ መለወጥ የሚረክስ ሆኖ ተገኘ።

ድምፅን መለወጥ የቻለ እጅ ደግሞ ነገርንም መለወጥ ይችላል። «ካዛብላንካ» የተባለውን ስመ ጥር ፊልም ያላየ ቢኖር፣ ታሪኩ ከናዚዎች ሸሽተው በሞሮኮ ከተማ ቪዛ የሚጠባበቁ ስደተኞች ታሪክ ነው፤ የመውጫ ወረቀት፣ ደላላ፣ ጉቦ፣ በየማታው «ነገ ይሳካል» እየተባባሉ መጠጥ ቤት መገናኘት፣ በካርቱምና በካይሮ ያለፈ ወገኔ ሁሉ ሳይተረጎምለት የሚያውቀው ነገር ነው። ይህ በ1942 የተሠራ ፊልም በ1952 ወደ ምዕራብ ጀርመን ሲኒማ ቤቶች ሲገባ፣ ናዚዎቹ ተቆርጠው ወጡ፤ ሜጀር ሽትራሰር የተባለው የጀርመን መኮንን ከነመልኩ ጠፋ፤ የነጻነት ታጋዩ ላስሎም ስሙ ተለውጦ፣ አዲስ ጨረር ያገኘ የኖርዌይ የሳይንስ ሊቅ እንዲሆን ተደረገ። ከፊልሙ ከሃያ ደቂቃ በላይ ጎደለ። ሽትራሰርን ሆኖ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት፣ ራሱ ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ከጀርመን የወጣ ሰው መሆኑን ሳስታውስ፣ ያ የስደተኛ ተዋናይ መልክ በገዛ አገሩ ሁለተኛ ጊዜ እንደ ተሰደደ ይሰማኛል። የሂችኮክም «ኖቶሪየስ» በ1951 እንዲሁ ተደርጎ፣ የናዚዎች ሴራ የነበረው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ሴራ ሆነ። ንስሓ ሳይገባ ሲኒማ የገባ ሕዝብ ነበርና፣ ያ ዘመን ራሱን በመጋረጃው ላይ ማየት አልፈለገም፤ ሙሉው «ካዛብላንካ» በአዲስ ድምፅ ተዘጋጅቶ ለጀርመን ሕዝብ የቀረበው በ1975፣ ያውም በቴሌቪዥን ነው።

በእኛ ዘንድ የመጻሕፍት መምህራን ሲያስተምሩ ንባቡን በግዕዝ ካስኬዱ በኋላ፣ ትርጓሜውን በአማርኛ «አንድም» እያሉ ያወርዱታል እንጂ፣ አማርኛው መጣ ተብሎ ግዕዙ አይሠረዝም፤ ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። በግርጌ ጽሑፍ የሚታይ ፊልም የዚህ ሥርዓት ዘመድ ነው፤ ድምፁ የተተካው ግን ንባቡን የጣለ ትርጓሜ ነው። ስለዚህ በኅሊናዬ ሚዛን የምፈርደው ለግርጌ ጽሑፍ ነው፤ በጀርመን ሲኒማ ቤቶች መርሐ ግብር ላይ «ኦ ኤም ኡ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ከተጻፉበት፣ ፊልሙ በመነሻ ልሳኑ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር የሚታይ መሆኑን ያመለክታሉና፣ አዲስ የመጣ ሁሉ ልብ ይበላቸው። ይሁን እንጂ ውለታን መካድ አይገባምና፣ ጀርመንኛን በጆሮዬ ያስገባልኝ ያው የነቀፍሁት የድምፅ መተካት መሆኑን እመሰክራለሁ፤ በጎዳና ላይ የሚሰማው ጀርመንኛ ግማሹ ተውጦ፣ ግማሹ በየአውራጃው ዘዬ ተለውጦ ሲቀር፣ በሲኒማ ቤት የሚሰማው ግን እያንዳንዱ ቃል ከነመጨረሻው ተሟልቶ የሚነገር ነው። ከዚህም በላይ ብዙውን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ተዋናይ አንድ የታወቀ ጀርመናዊ ድምፅ ይመደብለትና ዕድሜ ልኩን ያ ድምፅ ይከተለዋል፤ ለምሳሌ ሮበርት ዴኒሮን ክርስቲያን ብሩክነር የተባለው ተዋናይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲናገርለት ኖሯል። የቋንቋ ተማሪ ደግሞ አንዱን መምህር ደጋግሞ በመስማት እንጂ በየቀኑ መምህር በመለዋወጥ አይለምድም።

ስለ ተመልካቹ ጠባይ ደግሞ ጥቂት ልናገር። እኛ ሲኒማን የለመድነው በሌላ አኳኋን ነው፤ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱን ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ስም ወዲህ ግን ሕዝቡ ሰይጣኑን ወድዶት፣ በሲኒማ ራስና በሲኒማ ኢትዮጵያ ወንበሮች ላይ የህንድን ፊልም ቃሉን ሳያውቅ ከዘፈኑና ከዕንባው ብቻ እየተረዳ፣ ከጀግናው ጋር እየዘመረ፣ ክፉውን እየረገመ፣ ያጨበጭብና ያፏጭ ነበር። ጀርመኖች አያፏጩም። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ረድፍና የወንበር ቁጥር ሕግ ነው፤ አዳራሹ ባዶ ቢሆን እንኳ ቁጥሩን ይዞ መጥቶ «ይቅርታ፣ ይህ ቦታ የኔ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በተቀመጡት መካከል የሚያልፍ ሰው ፊቱን እንጂ ጀርባውን ወደነሱ አያዞርም፤ ይህን ሳይ ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው እያለች ያሳደገችኝን እናቴን አስታወስሁና ደስ አለኝ። የማስታወቂያው ብዛት ትዕግሥትን ይፈትናል፤ በአንዳንዱ ሲኒማ ቤት ማስታወቂያው ሲያልቅ መብራት ይበራና አይስክሬም የያዘ ሻጭ በረድፎቹ መካከል ይመጣል። ፈንዲሻ ሲገዛ ጨው ያለበት ወይስ ስኳር ያለበት ተብሎ ይጠየቃል፤ ለቡና ቁርስ ጨው ነስንሶ ያደገ ሰው ስኳር የነካውን አንድ ጊዜ ከቀመሰ ሁለተኛ አይሳሳትም። ቢራ ይዞ መግባትም የተፈቀደ ነው፤ ወለሉ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ከኋላ ረድፍ የወደቀ ባዶ ጠርሙስ እየተንከባለለ እስከ መጋረጃው ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ መጨረሻው የት እንደሚሆን ያዳምጣል እንጂ ማንም አይናገርም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ ጋሼ እያልሁ የማከብራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩና፣ ቀዝቃዛውን ከሰዓት ለማሳለፍ አብረን ሲኒማ ገባን። ፊልሙ የወንጀል ምርመራ ነበር። ገዳዩ ከመርማሪው በስተኋላ ሲጠጋ ጊዜ፣ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በአማርኛ «ዙር! ዙር፣ ከኋላህ ነው!» ብለው ጮኹ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ደንግጣ ዞር አለች። «አንቺን አይደለም እናቴ፣ እሱን ነው» አሏት በእጃቸው መጋረጃውን እያመለከቱ። እጃቸውን ይዤ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ፊልም ሲታይ አይወራም» ብላቸው፣ «ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? ለቅሶ ቤትስ እንኳ ይወራል!» ብለው ተቀመጡ። ሲወጡ ደግሞ ፊልሙ መልካም እንደ ነበረ፣ ሰዎቹ ግን ያዘኑም የተደሰቱም እንደማይመስሉ ነገሩኝ። በዚህ አልስማማም፤ ያዝናሉም፣ ይደሰታሉም፤ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ይጠብቁታል እንጂ።

እንግዶች በዚህ አገር ሲኒማ ቤቶች የራሳቸው ወንበር የነበራቸው ጊዜም አለ። ምዕራብ ጀርመን ከጣሊያን ጋር በ1955፣ ከቱርክ ጋር በ1961 የሠራተኛ ውል ተዋውላ ብዙ ሺህ ሰው ባስመጣች ጊዜ፣ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በሳምንቱ መጨረሻ ባዶ የሚውሉትን ሰዓቶች ለነዚሁ ሠራተኞች በመስጠት የቱርክን ፊልም በቱርክኛ ያሳዩ ነበር፤ በፋብሪካ ሲደክም የሰነበተው ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣ ስለ ነበር፣ ሲኒማ ቤቱ ከአንድ ከተማ የተሰደደው ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ዐውድ ሆኖ ነበር። ይህን ልማድ ያጠፋው የመንግሥት አዋጅ አይደለም፤ በ1980 ገደማ የመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው። ሁሉም ካሴቱን ተከራይቶ በየቤቱ ተቀመጠ፤ ሲኒማ ቤቶቹም ሰዓቱን መልሰው ወሰዱ። የኛ ሰው ደግሞ በካሴትና በዲቪዲ ጀምሮ አሁን በዩቲዩብ ላይ ስላረፈ፣ ያን የመሰለ የሲኒማ ዘመን ሳይኖረው በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ገብቷል።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ የገባኝ «ጤዛ»ን በሲኒማ ቤት ባየሁ ጊዜ ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ያገኘ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከታሪኩ አንዱ ክፍል የሚፈጸመው በዚሁ በጀርመን ስለሆነ ግን እዚህ ሲታይ ትርጓሜው ይለያል። ሕክምና ለመማር የመጣው አንበርብር ከአብዮቱ በኋላ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲላክ፣ ጥቁር በመሆኑ የጠሉት ሰዎች ደብድበው በመስኮት ይጥሉታል፤ እግሩንም ያጣል። ይህን ትዕይንት ከአገሬው ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ማየትና በቤት ውስጥ በስልክ ማየት ፈጽሞ አንድ አይደሉም፤ ፊልሙ ሲያበቃ ከጎኔ የነበሩ ባልና ሚስት ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀውኝ፣ በወጣትነታቸው ስለሚያውቁት የምሥራቁ ክፍል ኑሮ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ነገሩኝ። በቴሌቪዥን ፊት ይህን የሚነግረኝ ጎረቤት ከየት ይመጣል?

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ወጥ መሥራት የሚወድደውን ብላቴና አጎቱ ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው በሚል መንፈስ ሲገሥጸው፣ የግርጌው ጽሑፍ ንግግሩ ሳያልቅ በሙሉ ስለሚወጣ፣ ጀርመኖቹ ከኛ ቀድመው ሳቁ። በገዛ አገራችን ጨዋታ ላይ ሁለተኛ ሆነን መሳቃችን፣ ዕድሜ ልካችንን እነሱ ሲስቁ ዘግይተን ስንስቅ የኖርነውን ሰዎች አላስከፋንም፤ እንዲያውም በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ለፊልሙ ስም የሰጠው የበዓል በግ ማለት ምን እንደሆነ ሳይነገረን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

እንዲህ ያለው ፊልም ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባው ግን በጎ ፈቃድ ብቻ ስላለ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል ስላሉት፣ ሲኒማ ቤቶችን በራሱ ተከራይቶ በየከተማው አሳየ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈው ትኬት ስለ ቆረጡ ፊልሙ ለሳምንታት ሳይወርድ ቆየ፤ ስሙም ዛሬ በዋሺንግተን፣ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለው የመጻሕፍት ቤት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፊልሙን በሲኒማ ቤት ያቆየው የተመልካቹ ኪስ ነው።

ስለዚህ በፍራንክፈርትም ሆነ በሌላው ከተማ ለምትኖሩ ወገኖቼ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በጀርመን አዲስ ፊልም የሚወጣው ሐሙስ ነው፤ ሲኒማ ቤቱም ፊልሙን ማቆየት ወይም ማውረዱን የሚወስነው በሚቀጥለው ሰኞ፣ በነዚያ አራት ቀናት የተሸጠውን ትኬት ቆጥሮ ነው። የአገራችን ፊልም መምጣቱን ስትሰሙ ኋላ በዩቲዩብ ይወጣል አትበሉ፤ ዕድል ከሰጣችሁ ሐሙስ፣ ካልሆነም እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ማክሰኞ የምትቆርጡት ትኬት በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም።