የዘጌ ተማሪና የመረጃ ቋት

ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ የደረሰ እንግዳ የአገሩን ታሪክ ከቡናው ጥላ ሥር ይሰማል። አቡነ በትረ ማርያም ደኑን እንደ ባረኩት፣ በዚያም በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደ ሆነ ይነገረዋል። ይህንማ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ከአያቶቹ ሰምቶታል። ነገር ግን ሊቃውንት ስለ ዘጌና ስለ ጣና መርምረው ከጻፉት ብዙው የሚገኘው በባሕር ማዶ የመረጃ ቋቶች ነው። ልጁ የቋቱን አጠቃቀም ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ሳይጠብቅ ከአሁኑ ይማር የምንለው ስለዚህ ነው።

የመረጃ ቋት ማለት መጽሔቱ፣ መጽሐፉና ብራናው በጸሐፊው ስም፣ በርእሱና በዓመቱ ተመዝግቦ የሚፈለግበት የኮምፒውተር ጎተራ ነው። ፕሮፌሰር ኧርንስት ሐመርሽሚት በ1968 (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የጣናን ገዳማት ብራናዎች በፊልም አንሥተዋል። ከ1973 ጀምሮ በአገራችን በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡት ቅጂዎችም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ይገኛሉ፤ በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለረዥም ዘመን ዘርዝረዋቸዋል። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ያለ ዋጋ በኢንተርኔት ያያቸዋል።

ችግሩ አፈላለጉ ላይ ነው። በ1868 በዘጌ ተወልደው በ1908 «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በሮም ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በላቲን ፊደል ስማቸው በአንዱ መዝገብ በ«ቪ»፣ በሌላው በ«ደብልዩ» ተጽፎ ይገኛል። ዘጌም እንዲሁ፤ አንዱ ጸሐፊ «ኤች» ይጨምርበታል፣ ሌላው በፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ያኖርበታል። በአማርኛ እንፈልግ ቢባልም ሥዕል በንጉሡ «ሠ»ና በእሳቱ «ሰ»፣ በዓይኑ «ዐ»ና በአልፋው «አ» ይጻፋል፤ አንዳንዱ መሣሪያ እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ቃላት ይቈጥራቸዋል። አንድ ጊዜ ጽፎ ምንም ያላገኘ ልጅ «ስለ አገሬ የተጻፈ የለም» ብሎ ይነሣል። መምህሩ ግን የመጽሐፍ ትርጓሜ ቤቱን «አንድም» ቢያስታውሰው ነገሩ ይቀልለታል፤ ቋቱም ራሱ «ወይም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» ተብሎ ይጠየቃልና።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። የታሪክ ሊቁ አብዱሰመድ አሕመድ በ1996 በአንድ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከ1900 እስከ 1935 በዘጌ ቡና ተካይ ስለ ነበሩት ካህናትና ስለ ባሪያ ጌቶች ጽፈዋል። ይህን አስጐብኚው ለእንግዳ የሚያወራው አይመስለንም። ከቡናው መካከል ያደገ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ርእስ በድንገት ቢያገኘው ይደነግጣል፤ ምናልባትም ይቈጣል። አንዳንድ ወላጆች እንግዲያው ይቅርበት ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ከመምህሩ ጋር ሆኖ ቢያገኘው እንመርጣለን፤ ጸሐፊው ማን ነው፣ ምን ሰነድ አይቶ ነው፣ የአገር ሽማግሌዎችስ ምን ይላሉ እያለ መጠየቅን በዚያው ይለምዳልና። ደግሞም ርእሱ ለሁሉም ቢታይም፣ ሙሉው ጽሑፍ በነፃ ላይከፈት እንደሚችል ከወዲሁ ይወቅ።

«መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው» የሚል መልስ እንጠብቃለን። በእርግጥም ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሆኖም የሥራው ግማሽ በወረቀት የሚሠራ ነው። ጥያቄን ማጥበብ፣ የአንዱን ስም አጻጻፍ ሁሉ መዘርዘር፣ ያገኙትን ከነጸሐፊው፣ ከነዓመቱና ከነገጹ በካርድ መመዝገብ መስመር አይጠይቅም።

ኢንተርኔቱ በሚሠራበት ቀን ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከዘጌ ሩቅ አይደለም። በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ከዘጌና ከአካባቢው ጥቂት መምህራን በክረምቱ ዕረፍት ለሁለት ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው እንዲለማመዱ ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ። መምህራኑም ሲመለሱ ልጆቹ ያዘጋጁትን ካርድ ይዘው በጀልባው ይመላለሱ።