ቀኑ ሳይቆጠር ዋጋው ከየት መጣ?

መንገድ ዳር የቆርቆሮ አጥር ላይ የተሰቀለ የግንባታ ታፔላ ቆም ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አሠሪ፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የውል ዋጋ፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜ። ዋጋው እስከ ሳንቲሟ ተጽፏል። የማጠናቀቂያው ቀን ግን ወይ በፀሐይ ነጥቷል፣ ወይ ካለፈ ዓመት ሆኖታል። እኛ የምንለው ቀኑ ውሸት ከሆነ ሳንቲሟም ውሸት ናት ነው።

መሐንዲሶች አይደለንም። («ታዲያ ምን አገባችሁ?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ ከፋዮቹ እኛ ነን።) ዋጋ ገማች ሲባል ብዙ ጊዜ ንድፉን ዘርግቶ አርማታውን በሜትር ኩብ፣ ፌሮውን በኪሎ ቆጥሮ፣ በነጠላ ዋጋ አባዝቶ የሚደምር ሰው ነው። ጊዜውን አሠሪው አስቀድሞ «365 ቀናት» ብሎ ቆርጦታል። የጊዜ ሰሌዳው ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ያውም ለፋይል ማሟያ ይሠራል።

እስቲ እናስላው። 6,000 ሜትር ኩብ አፈር ይነሳ እንበል። ኤክስካቫተሩና ገልባጮቹ በቀን 300 ቢያነሱ 20 የሥራ ቀን ነው። ይህ በጥር ነው። ውሉ ተጓትቶ ቁፋሮው ሐምሌ ላይ ቢወድቅስ? ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፣ ፓምፕ ይመጣል፣ ማሽኑ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ሶሌታውም እንዲሁ ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና ድጋፉን በማግስቱ ነቅሎ ለላይኛው ፎቅ መጠቀም አይቻልም። ስንት ድጋፍ እንደሚከራይ የሚያውቀው ቀን የቆጠረ ብቻ ነው። የጥበቃው፣ የመጋዘኑ፣ የሳይት መሐንዲሱ፣ የባንክ ዋስትናው ወጪ ደግሞ በሜትር ኩብ ሳይሆን በወር ነው። በወር 400 ሺህ ብር ቢሆን የስድስት ወር መዘግየት 2.4 ሚሊዮን ብር ይበላል፤ አንዲት ብሎኬት ሳትጨመር!

ምንዛሪውስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር ሲንሳፈፍ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ማንም ያንን ይተንብይ አላልንም። ሊፍቱ በስንተኛው ወር እንደሚገዛ ያልጻፈ ገማች ግን የሊፍቱን ዋጋ በምን ገመተው?

የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል 80 ቢሊዮን ብር ተባለለት፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በግድቡ ኮርተናል። የዘገየው በሰሌዳ ጉድለት ብቻ ነው አንልም፤ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ከሜቴክ የተነጠቀበትን ምክንያት ሁላችንም ሰምተናል። ግን 14 ዓመት የሚፈጅ ሥራ እና በግማሹ የሚያልቅ ሥራ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል?

«ንድፉ ሳያልቅ ሰሌዳ አይወጣም» ይሉናል። ረቂቅ ነው ያልነው እኮ! ሠላሳ ዋና ዋና ሥራዎች፣ የቱ የቱን እንደሚከተል፣ የክረምቱ ወራት ተለይተው፣ በአንድ ገጽ። «እውነተኛውን ጊዜ የጻፈ ተጫራች ይወድቃል» የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ያሳዝናል፣ እውነትም አለበት። ለዚህ ነው ተጫራቹን ትተን አሠሪውን የምንይዘው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሐንዲስ ግምቱን ሲያሠራ ያቺን አንድ ገጽ አብሮ ያሠራ፣ የማጠናቀቂያውን ቀን ከእሷ ይውሰድ፣ ለሕዝብም ያሳይ። ታፔላው ላይ ቦታ ከጠበበ አርማዎቹን ትንሽ ማሳነስ ይቻላል።